የሞተሬ ሞተር ሞተ

ቀስታ የምንለው ሰውዬ እንቁላል አከፋፋይ ነው። እውነተኛ ስሙ መታወቂያው ላይ ተጽፎ ይሆናል እንጂ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ሚስቱ እንኳ ቀስታ ነው የምትለው። ስሙን ያተረፈው በሞተር ሳይክሉ ነው። ከኋላው ሁልጊዜ የእንቁላል ሣጥን ስለሚጭን፣ አጠገቡ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወጉን ሳያቋርጥ አብሮት መዝለቅ ይችላል። እኔ ራሴ ከቤቴ እስከ ፀጉር ቤቴ ድረስ እያጫወትኩት የሄድኩባቸው ብዙ ጠዋቶች አሉ፤ እሱ በሞተር፣ እኔ በእግሬ። አንዳንዴማ «ቆይ እንጂ፣ ጠብቀኝ» ይለኛል። አንድ ቀን የቀብር መኪና ከኋላው መጥቶ ጥሩምባ ነፋበት። ቀስታ ዳር ይዞ አሳለፈውና «ምን አስቸኮላቸው?» አለኝ።

ጠባዩ ከእንቁላሉ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በወጣትነቱ መስታወት ቤት ተቀጥሮ የመስኮት መስታወት ለየደንበኛው ያደርስ ነበር። ሚስቱንም ያገኛት በዚያ ሥራ ነው። ቁመቱን የሚያህል መስታወት ታቅፎ አንድ ቤት ደረሰ። በሩን የከፈተችለት ልጅ ከእሱ በአንድ ራስ ትረዝማለች። እሷ ከመስታወቱ ወዲያ፣ እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነው ተያዩ።

«ግባ» አለችው።

በሩ ጠባብ ነው፤ መስታወቱ አልገባ አለ።

«አስቀምጠው እንግዲያ።»

መሬቱ ጠጠር ነው፤ አላስቀምጥም አለ። እናትየው ጓዳ ገብተው የሚያነጥፉት ብርድ ልብስ እስኪያመጡ ሁለቱ እዚያው ቆመው ያወሩ ጀመር። አወሩ፣ አወሩና መስታወቱ በትንፋሻቸው ጉም ለበሰ። እናትየው ብርድ ልብሱን ይዘው ሲመጡ ጉሙን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ «ይሄንን ደግሞ ማን ሊወለውለው ነው?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስታ የዚያን ቤት መስኮቶች በየሳምንቱ እየመጣ «ጭረት እንዳለባቸው ልይ» ማለት አበዛ። ለጋብቻ እስኪጠይቅ ድረስ ግን ዓመታት ፈጀ። አማቱ እስከ ዛሬ «በዚያ ጊዜ ውስጥ ቤቱን አፍርሰን ሌላ እንሠራ ነበር» ይላሉ።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ።

ያን ዕለት ደንበኛ እየላጨሁ ነበር። ቀስታ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ፣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ በሬ ላይ ቆመና «የሞተሬ ሞተር ሞተ» አለ።

«ምን?» አልኩት።

«የሞተሬ… ሞተር… ሞተ።»

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛዬ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ዞር ብሎ አየውና «ሰውዬው ምላሱ ተሳሰረ እኮ! ውኃ ስጡት» አለ። ሳይክሉንም ሞተር፣ ሆዱ ውስጥ ያለውንም ሞተር ማለታችን ያመጣው ጣጣ ነው። ውኃውን ግን ሰጠነው፤ ጠጣና ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ደገመው።

የጋራዡ መካኒክ ፈቶ አየው። ፒስተኑ ከቤቱ ጋር ተጣብቋል፤ ቤቱም ተሰንጥቋል። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገና «እግዜር ያጽናህ» አለው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋ አለ። ወሬውን ስትሰማ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ «በቃ፣ ሌላ እንገዛለን» አለችው።

«የቀረው አካሉ እኮ ጤነኛ ነው» አለ ቀስታ። «ጎማው ደህና፣ ፍሬኑ ደህና፣ መብራቱ ደህና። አንድ ነገር ስለተበላሸ ሁሉ ይጣላል?»

እዚህ ላይ ነው የሚስቱ ታናሽ ወንድም የገባበት። ይህ ልጅ፣ ልጅ እላለሁ እንጂ መላጣ ነው፣ ከፀጉር ቤቴ ጎን የብየዳ ሱቅ አለው። ሥራው የግቢ በር ነው። ጥሩ በር ይሠራል፤ ችግሩ ከበር ውጭ ሌላ ነገር ሲሠራም በር ነው የሚሠራው። ሁሉም ነገር ላይ ጥምዝምዝ አበባ ይበይዳል። ለእናቱ ምርኩዝ ሠርቶላቸው አበባ ብቻ ሳይሆን ከታች ማጠፊያም አደረገለት፤ ሲደገፉት ይታጠፋል። እናትየው አንድ ጊዜ ወደቁና ምርኩዙን የዶሮ ቤት መዝጊያ አደረጉት። ለዚያ በጣም ተመችቷል።

«ጋሼ» አለው ቀስታን፣ «ሌላ ሞተር ፈልገን እንገጥምለታለን። ልብ እንደመቀየር ነው።»

«የዚህ ዓይነት ጠፍቷል እኮ አለ መካኒኩ።»

«የዚህን ዓይነት ማን አለ? የሌላ ዓይነት ሳይክል ሞተር ነው የምልህ።»

«ይገጥማል?»

«ብረት አይደል? ብረት ከሆነ ይገጥማል። አሻፈረኝ ካለ እናስገድደዋለን።»

መካኒኩን እንዲያግዛቸው ቢጠይቁት «እንኳን ላግዛችሁ፣ በዚያ መንገድም አላልፍም» አለ።

ሞተሩን አሮጌ ብረት ከምትሸጥ ሴትዮ ነው ያገኙት። ሴትዮዋ ከመኪና የተነቀለ ወንበር ላይ ተንፈራጣ ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን የብረት ክምር ነው። ከአንድ ትልቅ ሞተር ሳይክል የወጣ ሞተር አሳየቻቸው፤ የቀስታን አሮጌ ሞተር ሁለቱን ያክላል። «ይሄ ሁለት ወፍራም ሰው ከነሻንጣቸው ዳገት ሲያወጣ የኖረ ነው» አለች።

ቀስታ ዞሮ ዞሮ አየው። ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ከዚያ «ቀስ ብሎ ይሄዳል?» ሲል ጠየቃት።

ሴትዮዋ ይህን ጥያቄ በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና «ቀስ እንዲል ከፈለግህ አታስነሳው» አለችው።

ሞተሩን ወደ ሰፈር ሲያመጣው እንቁላል በሚያሽግበት ገለባ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው፤ ታክሲው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጁ ደገፍ ያደርገዋል። የሚስቱ ወንድም «ጋሼ፣ ብረት ነው እኮ፣ አይሰበርም» ቢለው «ልማድ ነው» አለ።

ሥራው የተሠራው ብየዳ ሱቁ ፊት ለፊት፣ ሜዳ ላይ ነው። አማቱ ወንበር አስመጥተው ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔም ወንበሬን በሩ ጋ አዞርኩት፤ ደንበኞቼ መስታወቱን ትተው ውጭ ውጭውን እያዩ ነበር የሚላጩት።

መጀመሪያ የብሎኑ ቀዳዳ አልገጥም አለ። የሳይክሉ ቀዳዳዎች ወደ ፊት ሲያዩ የሞተሩ ቀዳዳዎች ወደ ጎን ያያሉ፤ የተኳረፉ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። የሚስቱ ወንድም ወፍራም ላሜራ ቆርጦ መያዣ ሠራ። መያዣው ላይ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አበባ አለው።

«አበባው ለምንድን ነው?» አለ ቀስታ።

«ያጠነክረዋል።»

ቀጥሎ ሞተሩ ረጅም ስለሆነ ከነዳጅ ታንከሩ ጋር ተጋጨ። ታንከሩን ከፍ አደረገው። ታንከሩ ከፍ ሲል መቀመጫው ላይ የተቀመጠ ሰው ከታንከሩ ወዲያ ማየት አይችልም፤ መቀመጫውን ከፍ አደረገው። መቀመጫው ከፍ ሲል እጅ መሪው ላይ አይደርስም፤ የመሪውን አንገት በቧንቧ አስረዘመው። ካቴናው ደግሞ የፊተኛው ጥርስና የኋለኛው ጥርስ በአንድ መስመር አልሆን ብለውት ጠምዘዝ ብሎ ይሄድ ነበር፤ መሀሉ ላይ ቀለበት እየከተተ አቃናው። እውነቱን ለመናገር ይህንን በደንብ ነው የሠራው። መካኒኩ በዚያ መንገድ አላልፍም ያለውን ረስቶ መጥቶ አየና «እህ» ብሎ ሄደ።

የጭሱ ቧንቧ ቀረ። በአሮጌው ሞተር ቧንቧው በእግር ሥር ነበር የሚያልፈው። የአዲሱ ግን ወጥቶ በቀጥታ የነጂውን ጉልበት ያነጣጥራል። የሚስቱ ወንድም የበር ቧንቧ አምጥቶ አጠፈና በመቀመጫው ሥር አሳልፎ ወደ ኋላ ሰደደው። እንዲያውም እጁ ከሞቀ አይቀር አሮጌውን የእንጨት የእንቁላል ሣጥን ጥሎ አዲስ የብረት ሣጥን ሠርቶ ጫነበት፤ ለእህቱ ባል ያደረገው ስጦታ ነው። በአራቱም ጎን አበባ አለው።

አማቱ ከጥላው ሥር ሆነው «አንተ፣ ይሄ ቧንቧ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ።

«ወደ ኋላ ነው እማዬ።»

«ከኋላስ ምን አለ?»

ያኔ የብረት መቁረጫው ተነሳና ጥያቄያቸው በጩኸቱ ውስጥ ቀረ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚስቱ ወንድም ቀስታን ወደ ጎን ወሰደው። «አንዲት ትንሽ ነገር አለች ጋሼ። በድሮው ሞተር ማርሹን ወደ ታች ስትረግጠው ይቀንስ ነበር አይደል? በዚህኛው ወደ ታች ስትረግጠው ይጨምራል።»

«ስረግጠው ይጨምራል» አለ ቀስታ። «ገባኝ።»

ጭንቅላቱ በእርግጥ ገብቶታል። እግሩ ግን እዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም።

ቀስታ ወንበር ላይ ቆሞ ወጣበት። እላይ ሲሆን እግሮቹ በግራና በቀኝ ተንጠለጠሉ፤ እኛ ቁም ሣጥን ላይ የወጣ ሰው የምናይ መሰለን። ሞተሩ ተነሳ። አሮጌው ጡክ ጡክ ነበር የሚለው፤ ይሄኛው አጓራ። የሽቶ ጠርሙሶቼ መደርደሪያው ላይ መጨፈር ጀመሩ። የሚስቱ ወንድም ከኋላ ገፋ አደረገውና ቀስታ ሄደ።

ጥግ ድረስ በሰላም ደረሰ። ጥጉ ላይ ሲታጠፍ ትንሽ ደነገጠ መሰለኝ፤ ማርሽ ለመቀነስ ወደ ታች ረገጠ። ሳይክሉ ፈጠነ። ሲፈጥን የባሰ ደነገጠ፤ የባሰ ረገጠ። ድምፁ ከሕንፃዎቹ ወዲያ እየራቀ ሄዶ እንደገና በሌላው ጎን መቅረብ ጀመረ። ሰፈራችንን ዞሮ መምጣቱ ነው።

በፊታችን ሲያልፍ «እግሬ መሬት አይደርስም!» ብሎ ጮኸ።

«ፍሬን ያዝ!» አለ የሚስቱ ወንድም፤ ቀስታ ግን አልፏል። መልሱ የመጣው በሁለተኛው ዙር ነው፤ «ብይዝ እወድቃለሁ!»

«ነዳጁን ቀንስ!»

ሦስተኛ ዙር፤ «እጄ እምቢ አለ!»

አማቱ ባለፈ ቁጥር ከወንበራቸው ሆነው እጃቸውን ያውለበልቡለታል። ቀስታ ደግሞ አማቱን ሲያይ አንገቱን ሰበር አድርጎ እጅ መንሳት ልማዱ ነው፤ ነፍሱ አደጋ ላይ ሆና እንኳ አልተወውም። በእያንዳንዱ ዙር እየጮኸ ይመጣል፣ አማቱ ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ጩኸቱን ይቀጥላል። አንዱ ዙር ላይ «ምሳ እንዳትጠብቁኝ!» አለ። ከደንበኞቼ አንዱ አረፋውን እንደተቀባ በሩ ላይ ወጥቶ «ቤንዚን ሞልታችሁለታል?» ሲል ጠየቀ። የሚስቱ ወንድም አንገቱን ደፋ። ሞልቶለታል።

በመጨረሻ ሚስቱ የልብስ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከቤት ወጣች። አንድ ዙር ቆማ አየችው። ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ መድኃኒት ቤት አለ፤ ደረጃው ከመንገዱ ከፍ ያለ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ወጣችና ሲመጣ በእጇ ድንጋዩን እየመታች «በዚህ በኩል ና! ግራ እግርህን እዚህ አሳርፍ!» አለችው። ቀስታ መጣ፣ ፍሬን ያዘ፣ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈ፣ ቆመ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ጠፋ።



«እንዴት ነው?» አለችው።

ቀስታ ፀጉሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተለጥፏል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ትንሽ አሰበና «ነፋስ አለው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስታ ከተማዋን በደረጃ ከፍታ መለየት ጀመረ። ደረጃ ያለው ሱቅ ደንበኛው ነው፤ ደረጃ የሌለውን ከሩቁ ሰላም ብሎ ያልፋል። አንድ ባለሱቅ ብቻ ባዶ የለስላሳ ሣጥን መንገዱ ዳር እያስቀመጠ ይጠብቀው ነበር፤ ወደብ መሆኑ ነው።

በማግሥቱ የመጀመሪያ ጭነቱን ይዞ ወደ አንዲት ደንበኛው ኬክ ቤት ሄደ። ራቅ ያለ መንገድ ነው፤ ቀስታ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ ሳይከፈት ደረሰ። የኬክ ቤቷ ባለቤት መምጣቷን ጠብቆ እንቁላሉን አስረከባት። ሴትዮዋ ዱቄቷን አዘጋጅታ አንድ እንቁላል ሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ አድርጋ ከፈለችው። ምንም አልፈሰሰም። ነቀነቀችው። ሌላ መታች። እሱም እንደዚያው።

«አቶ ቀስታ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እንቁላል።»

«እሱንማ አየሁ። የተቀቀለ ነው።»

«ማን ቀቀለው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

ቀስታ በጣም ተጨነቀ። ነገሩን ቢያስበው ቢያስበው ጥፋቱ ከምንጩ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። በቀጥታ እንቁላሉን የሚረከብባት ዶሮ አርቢ ጋ ሄደ። ደረጃ ስለሌላት ከአጥሩ ግንብ ጋር ተደግፎ ቆመና ከላይ ሆኖ አነጋገራት።

«ዶሮዎችሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ምነው?»

«የሆነ ነገር ሳይበሉ አልቀሩም። የተቀቀለ እንቁላል እየጣሉ ነው።»

ዶሮ አርቢዋ ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ልጠው የሚጥሉልህ ካገኘሁ እደውልልሃለሁ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ እንቁላሎቹን ይዞ ብየዳ ሱቁ ፊት ለፊት መጣና ቤተ ዘመዱ ተሰበሰበ። የላይኛው ድርድር ጥሬ ነው፤ የመካከለኛው ለብ ብሏል፤ የታችኛው ሙሉ በሙሉ በስሏል። የሚስቱ ወንድም «የአየር ጠባይ ይሆናል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። አማቱ አንዱን ላጡና በሉት።

«ጥሩ አድርጎ በስሏል» አሉ። ከዚያ ተነስተው ሄዱና የብረት ሣጥኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ጣታቸውን መንጭቀው አነሱ። «ያን ዕለት ከኋላ ምን አለ ብዬ ነበር። የመለሰልኝ የለም።»

ሁላችንም ቧንቧውን አየነው። ቧንቧው በቀጥታ ከሣጥኑ ሆድ ሥር ነው የሚያልፈው፤ እንደ ምድጃ።

«ችግር የለም» አለ የሚስቱ ወንድም። «ወደ ጎን እናዞረዋለን።»

«ከጎንስ ምን አለ?» አሉ እናቱ።

ልጅየው አየ። «የጋሼ እግር።»

በመጨረሻ ቧንቧው ወደ ታች ታጥፎ ተስተካከለ፤ የእንጨቱም ሣጥን ተመለሰ። ሚስቱ የመቀመጫውን ስፖንጅ ቆርጣ፣ ቆዳውን አጥብባ ሰፍታ ዝቅ አደረገችው፤ ቀስታ አሁን በጣቶቹ ጫፍ መሬት መንካት ቻለ። እዚህ ድረስ ሁላችንም ስንስቅ ነው የከረምነው።

ማርሹ ግን አልተስተካከለም፤ ምክንያቱም የተበላሸው ሳይክሉ ላይ ሳይሆን የቀስታ እግር ላይ ነው። ያ እግር ዕድሜውን ሙሉ ለመቀነስ ሲረግጥ ኖሯል። መስቀለኛ መንገድ ሲመጣ ይረግጣል፤ ጉድጓድ ሲያይ ይረግጣል፤ ድመት ሲያልፍ ይረግጣል። ወዲያው ሳይክሉ ይስፈነጠራል። ከዚያ ያልተጠበቀው ነገር መጣ። እንቁላል ሰበረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ቀስታ ግን በዚያ ቀን ፀጉር ቤቴ ገብቶ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው ላይ አስኳል ደርቋል። መስታወቱ ውስጥ አየሁት፤ የታመመ ሰው ይመስላል።

«ስንት ተሰበረ?» አልኩት፤ ምን እንደምለው ስላጣሁ ነው።

«እሱን ተወው» አለኝ። እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «በእጄ ዕቃ ተሰብሮ አያውቅም ነበር። አንድም።»

ቀልደኛ ነኝ ባይ ነኝ እንጂ ያን ጊዜ ቀልድ አልመጣልኝም። መቀሱን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ለጥቂት ጊዜ ሞተሩን አቁሞ እንቁላሉን በእጅ ጋሪ እየገፋ ማድረስ ጀመረ። ሳይክሉ ብየዳ ሱቁ ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ቆመ። የሚስቱ ወንድም በየቀኑ ሸራውን ገልጦ ያየዋል፤ ምንም የሚበይድለት ነገር ስላልነበረ በጣም ይጨነቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ እዚያ ቆመች። ሸራውን ገለጠችው። ዙሪያውን ዞረች። «እስቲ እኔ ልሞክረው» አለች።

ቀስታ ጋሪውን ለቀቀ። «አንቺ? ሞተር ነድተሽ የማታውቂው?»

«አንተስ ነድተህ ታውቃለህ ተብለህ አየንህ አይደል።»

ወጣችበት። ረጅም ስለሆነች ሁለቱም እግሯ መሬት ላይ ጠፍ ብሎ ተቀመጠ። ወንድሟ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑን፣ ነዳጁን አሳያት፤ ማርሹን ሲነግራት «ስትረግጪው ይጨምራል» አላት።

«ታዲያ ስትረግጠው ምን ሊያደርግ ኖሯል?» አለችው።

ሞተሩ አጓራ። እሷ ረገጠች። ሳይክሉ ለስለስ ብሎ፣ ምንም ሳይንገጫገጭ፣ ተነስቶ ሄደ። ቀስታ ደነገጠና ተከትሏት ሮጠ። ቀስታ ሲሮጥ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ባላየው ኖሮ የነገረኝን ሰው ውሸታም ብዬ ከሱቄ አባርረው ነበር። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው የሮጠው፣ ብትወድቅ ሊቀበላት። ከጥጉ ወዲያ ተሰወሩ። ትንሽ ቆይቶ ሳይክሉ በሌላው ጎን መጣ፣ እናቷ ፊት ሲደርስ ቀስ ብሎ ቆመ። ቀስታ ዘግይቶ፣ በአፉ እየተነፈሰ፣ ጫማው በአንድ እጁ ሆኖ ደረሰ።

«ልክ እንደ ስፌት መኪናዬ ነው» አለች። «ስትረግጠው ይሄዳል። ያ የድሮው፣ ስትረግጠው የሚቀንሰው ነው እንጂ እብድ የነበረው።»

እናቷ ከወንበራቸው ተነስተው የልጃቸውን ጉንጭ ሳሙ። ወደ ቀስታ ዞረው «አንተስ ጫማህን አድርግ» አሉት።

መንጃ ፈቃዷን ከአንድ ሙሉ ክፍል ጎረምሶች ጋር ተፈትና አወጣች። አሁን ጠዋት ጠዋት የሚወጡት አብረው ነው፤ ከቀትር በኋላ እሷ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። እሷ ከፊት ትነዳለች፤ እሱ ከኋላ እንቁላሉን ጭኑ ላይ ታቅፎ ይቀመጣል። እንቁላል መሰበሩ ቀረ። እሷ ፈጥና ትነዳለች፤ እሱ በሁለት ክንዶቹ መሀል ድርድሩን እንዳይናወጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሳይክሉ ሲዘል እሱ ይዘላል እንጂ እንቁላሉ አይዘልም። የኬክ ቤቷ ባለቤትም ታርቃዋለች። የሚስቱ ወንድም ለእናቱ ከሳይክሉ ጎን የሚገጠም ባለአንድ ጎማ መቀመጫ ልሥራ ብሎ ነበር፤ እናቱ በእግራቸው ገበያ ሄደው በእግራቸው ተመለሱና መልሳቸው ይሄ ነው አሉት።

በቀደም ቀስታ ፀጉሩን ሊስተካከል መጣ፤ ነፋሱ እንዳያስቸግረው አጠር እንዳደርግለት ጠየቀኝ። እየቆረጥኩት «ከኋላ መቀመጡ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ሕንፃ አየሁ» አለኝ።

«የምን ሕንፃ?»

«መንገዳችን ላይ ያለው። ሦስት ፎቅ ነው፣ ላይኛው ላይ ሰማያዊ በረንዳ አለው። አንዲት አሮጊት አበባ ውኃ ያጠጣሉ። እኔ እኮ ሁልጊዜ ጉድጓድ ጉድጓዱን ሳይ ነው የኖርኩት። ትናንት ቀና ስል አየሁት። ‹ይሄ መቼ ነው የተሠራው?› ብዬ ጠየቅኋት።»

«ምን አለችህ?»

«‹ስንጋባም ነበር› አለችኝ። ከዚያ ደህና አድርጌ እንዳየው ብላ በዚያ በኩል ሁለት ጊዜ አዞረችኝ።»